የአስተናጋጇ ሦስት ነሐሶች፦ ፈረንሳይ በሻሞኒ፣ 1924

እ.ኤ.አ. በ1924 ሻሞኒ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያ የክረምት ኦሎምፒክ የሜዳሊያ ሰንጠረዥ ፈረንሳይን የሚፈልግ አንባቢ ዓይኑን ወደ ታች ማውረድ አለበት። ወርቅ የለም፣ ብር የለም፤ ያለው ሦስት ነሐስ ነው። ኖርዌይ 17፣ ፊንላንድ 11 ሜዳሊያ ይዘው ሲመለሱ ደጋሿ አገር የቀረላት ይኸው ነበር። ይህ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የጀማሪ ድክመት ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። እንዲህ ማለፉ የሚያሳምን አይመስለኝም። ሰንጠረዡ ራሱ የተጻፈበት ጊዜ፣ የጻፈው አካልና የተሠረዘና የተደለዘ ታሪክ ያለው ሰነድ ነው፤ ማን አሸነፈ ከማለታችን በፊት ውድድሮቹን ማን መረጠ፣ ደንባቸውንስ ከየት አመጣው ብለን ልንጠይቀው ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ሻሞኒ የመጡት ስፖርተኞች ኦሎምፒክ ላይ አልተወዳደሩም። ከጥር 25 እስከ የካቲት 5 በሞን ብላን ግርጌ የተሰበሰቡት የ16 አገሮች ተወዳዳሪዎች፣ ቁጥራቸውም 250 ገደማ፣ የተጠሩት «ዓለም አቀፍ የክረምት ስፖርት ሳምንት» ወደሚባል ዝግጅት ነበር። (ሳምንቱ 12 ቀን መፍጀቱን ለዲፕሎማሲ ብልሃት እንተውለት።) ይህ ለዘብ ያለ ስም የተመረጠው ስካንዲኔቪያውያን የክረምት ኦሎምፒክን ሐሳብ ስለተቃወሙ ነው። እነሱ ከ1901 ጀምሮ የራሳቸው የኖርዲክ ጨዋታዎች ነበሯቸው፤ ለኦሎምፒክ ሲባል የሚያጡት እንጂ የሚያገኙት አልታያቸውም። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ለዝግጅቱ ድጋፉን ሰጠ፣ ስሙን ግን አልሰጠም። ሻሞኒ «የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ» የተባለው በ1926፣ ነገሩ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ «አስተናጋጇ በመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ደካማ ነበረች» የሚለው ፍርድ ወደ ኋላ ተመልሶ በተለጠፈ ስም ላይ ይቆማል። ጀርመን ጭራሽ እንዳልተጋበዘችም ማስታወስ ይበጃል፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቂም ገና አልበረደም ነበር።

የውድድሮቹን ዝርዝር እንመልከት። በስኪ 18 ኪሎ ሜትር፣ 50 ኪሎ ሜትር፣ ዝላይና የሩጫና የዝላይ ጥምር ውድድር ነበሩ፤ ሁሉም ኖርዌያውያን በልጅነታቸው ያደጉባቸው ናቸው። ቶርላይፍ ሃውግ ብቻውን ሦስት ወርቅ ወሰደ። በስኬቲንግ ፍጥነት ፊንላንዳዊው ክላስ ቱንበርግ ሦስት ወርቅ ሲያገኝ፣ የዝግጅቱን የመጀመሪያ ወርቅ የወሰደው በ500 ሜትር አሜሪካዊው ቻርልስ ጁትሮ ነበር። በበረዶ ሆኪ ካናዳውያን ስዊዘርላንድን 33 ለ0 ረቱ። ከተማዋን ከላይ የሚያያት ተራራ ግን ከዝላዩና ከቦብስሌዱ በቀር በዝርዝሩ ውስጥ ድርሻ አልነበረውም። ከአልፕስ ተዳፋት ቁልቁል የሚወረድበት የስኪ ውድድር አልነበረም። ፈረንሳይ ተራራዋን አቅርባ የሰው አገር ስፖርት አስተናገደች ማለት ይቻላል።

የራሷ ቡድን ምን ያህል ስስ እንደነበረ ሆኪው ያሳያል። በአሜሪካ 22 ለ0፣ በብሪታንያ 15 ለ2 ተሸነፈች፤ ቤልጂየምን ግን 7 ለ5 አሸነፈች። ከተጫዋቾቹ መካከል ሌዮን ኳግሊያና አልበር ሃስለር በዚያው ዝግጅት የስኬቲንግ ፍጥነትም ተወዳድረዋል። አንድ ሰው ሁለት ማሊያ የሚለብስበት ቡድን ከስፔሻሊስቶች ጋር ተፋጠጠ።

ወደ ሦስቱ ነሐሶች ስንመጣ ምንጫቸው ሦስት የማይተዋወቁ ዓለማት ሆነው እናገኛቸዋለን። አንደኛው ከጦር ሠራዊቱ መጣ። በወታደራዊ ቅኝት ውድድር አራት ወታደሮች በቡድን በስኪ እየተጓዙ ዒላማ ይተኩሳሉ፤ ስድስት ቡድኖች ጀምረው ሁለቱ ሲያቋርጡ፣ ፈረንሳይ ከስዊዘርላንድና ከፊንላንድ ቀጥላ ገባች። የቡድኑ መሪ ካሚል ማንድሪዮን በመክፈቻው የስፖርተኞቹን ቃለ መሐላ የፈጸመው ሰው ነው። በኔ ንባብ ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። በፈረንሳይ ስኪን ያስፋፋው ቀዳሚው ተቋም የአልፕስን ድንበር የሚጠብቀው ሠራዊት ነበር፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ብሪያንሶን ላይ ወታደሮች ስኪ ይሠለጥኑ ነበር። በ1924 ፈረንሳይ በስኪ ላይ የምታሳየው ፊት የወታደር ፊት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሁለተኛው ነሐስ ነገር ፈገግ ያሰኛል። በከርሊንግ የተሳተፉት ሦስት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ፈረንሳይ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸንፋ፣ አንዱን በብሪታንያ 46 ለ4፣ ሦስተኛ ሆነች። ሦስተኛነትና መጨረሻነት እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ይህ ውድድር ለረጅም ጊዜ እንደ ማሳያ ብቻ ሲቆጠር ቆይቶ፣ የኦሎምፒክ ኮሚቴው ይፋዊ ነበር ብሎ ያረጋገጠው በ2006 ነው። የወታደራዊ ቅኝቱም ደረጃ እንደ መዝገቡ ይለያያል። በመሆኑም የፈረንሳይ ነሐስ እንደ ቆጣሪው አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም ሊሆን ይችላል። ሌሎችም ከዚህ አላመለጡም፦ የስኪ ዝላዩ ነሐስ በነጥብ ድምር ስሕተት ለሃውግ ተሰጥቶ ኖሮ፣ ለአሜሪካዊው አንደርስ ሃውገን የተላለፈው በ1974 ነው። ሃውግ ከሞተ አርባ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ሰንጠረዡን የማያወላዳ ምስክር አድርገው የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደግ ነው።

ሦስተኛው ግን ከሁለቱ የተለየ ሚዛን አለው። አንድሬ ዦሊና ፒየር ብሩኔ በጥንድ ጥበባዊ ስኬቲንግ ከዘጠኝ ጥንዶች መካከል ከኦስትሪያና ከፊንላንድ ጥንዶች ቀጥለው ወጡ። ሁለቱም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ ለብቻም ተወዳድረው እሷ አምስተኛ፣ እሱ ስምንተኛ ሆነዋል። ከዚያ በኋላ በ1928 በሳንክት ሞሪትዝ፣ በ1932 በሌክ ፕላሲድ ወርቅ ወሰዱ፤ ኋላም ኑሯቸውን ወደ አሜሪካ አዞሩ። በ1960 ወርቅ ያገኘችውን ካሮል ሃይስን ያሠለጠናት ፒየር ነው። ሰንጠረዡ ይህን ነሐስ ከከርሊንጉ ነሐስ ጋር እኩል ይቆጥረዋል። አንዱ ግን የረጅም ትምህርት መነሻ ሲሆን ሌላው በሦስት ቡድን መካከል የተገኘ ተራ ቁጥር ነው።

የአስተናጋጅነት ጥቅም የት እንዳለ ለማየት ተከታዮቹን ሁለት ዝግጅቶች ማስተያየት ይረዳል። በ1928 ስዊዘርላንድ ሳንክት ሞሪትዝ ላይ አስተናግዳ ያገኘችው አንድ ነሐስ ብቻ ነው፣ በሆኪ። አሜሪካ ግን በ1932 ሌክ ፕላሲድ ላይ በስድስት ወርቅ ቀዳሚ ሆነች። ልዩነቱ በአገር በረዶ መወዳደር ቢሆን ኖሮ ስዊዘርላንድ የት ሄደች? በሌክ ፕላሲድ የስኬቲንግ ፍጥነት የተካሄደው በአሜሪካ ልማድ፣ ተወዳዳሪዎች በአንድነት ተነሥተው እየተጋፉ በሚሮጡበት ደንብ ነበር፤ አውሮፓውያን የለመዱት ሁለት ሁለት እየሆኑ ከሰዓት ጋር መሽቀዳደምን ነው። ጃክ ሺአና ኧርቪንግ ጃፊ ሁለት ሁለት ወርቅ ወስደው አራቱንም ውድድር ጠቀለሉት። ቱንበርግ ደንቡን ሰምቶ ጭራሽ አልሄደም። ፈረንሳይ በ1924 ይህን አላደረገችም፤ ሰሜኖቹን ለማግባባት በነሱ ስፖርት፣ በነሱ ደንብ ደገሰች። ከጨዋነት ነው ወይስ የራሴ ነው የምትለው የስኪ ደንብ ገና ስላልነበራት? ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል።

በዚያው ሳምንት ሻሞኒ ውስጥ የ14 አገሮች ልዑካን ተሰብስበው የዓለም አቀፉን የስኪ ፌዴሬሽን መሠረቱ። ፌዴሬሽኑ ቁልቁለትንና ስላሎምን የተቀበለው በ1930 ነው፤ ወደ ኦሎምፒክ የገቡት ደግሞ በ1936፣ በጋርሚሽ ፓርተንኪርሽን። በ1937 የአልፓይን ስኪ የዓለም ሻምፒዮና ሻሞኒ ላይ ሲካሄድ ፈረንሳዊው ኤሚል አሌ በቁልቁለት፣ በስላሎምና በጥምሩ ሦስት ወርቅ ወሰደ። በእነዚያ አሥራ ሦስት ዓመታት የፈረንሳይ ስኪ ብዙ አድጓል፣ አይካድም። ነገር ግን አሌ ያሸነፈባቸው ውድድሮች በ1924 ዝርዝር ውስጥ አንዳቸውም አልነበሩም።