«ብላክ ጐልድ» ከአጋሮ ሲታይ

የማርክና የኒክ ፍራንሲስ ዘጋቢ ፊልም «ብላክ ጐልድ» እ.ኤ.አ. በ2006 ሰንዳንስ ላይ ሲታይ፣ ገበሬው ለቡናው የሚያገኘው ሳንቲም ለውጭ ተመልካች ጉድ ሳይሆንበት አልቀረም። ለጅማና ለአጋሮ ሰው ግን ምኑ ጉድ ነው? የኖረበት ነው።

የተዋጣለት ክፍል ሴቶች ተደርድረው ቡና ሲለቅሙ የሚያሳየው ነው፤ ሐተታ አላስፈለገውም። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየኑ አቶ ታደሰ መስቀላም ገዢ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ሲንከራተቱ፣ ስንቱ የመድረክ ተዋናይ የሚመኘው ግርማ አላቸው!

ቅር ያሰኘኝ የገበሬው አቀራረብ ነው። ይበልጡን የምናየው ሲቸገር፣ ሲጸልይ፣ ቡናውን ነቅሎ ጫት ሲተክል ነው። ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው ለይቶ መልቀም፣ አልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ፣ የሊሙን ቡና ከሌላው በመዓዛው መለየት፤ ይህ ሁሉ ሙያ ነው። ፊልሙ ለዚህ ጊዜ አልነበረውም፤ አዝኖለት አለፈ።