ስማቸው ያልተመዘገበ ዘር ጠባቂዎች፦ የኢትዮጵያ ገብስ በአሜሪካ የግብርና ታሪክ

የአሜሪካ የግብርና ታሪክ ዘር ፍለጋ ዓለምን የዞሩ ሰዎችን በክብር ያነሣል። የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1898 ከውጭ አገር ዘርና ተክል የሚያስመጣ ክፍል አቋቋመ። የክፍሉ መሥራች ዴቪድ ፌርቻይልድና ቻይና ውስጥ ሲዘዋወር ቆይቶ በ1918 በያንግትዜ ወንዝ ሕይወቱ ያለፈው ፍራንክ ሜየር መጽሐፍ ተጽፎላቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የገብስ ተመራማሪው ሃሪ ሃርላን ግን በገዛ አገሩም ከሙያው ሰዎች በቀር ብዙ ሰው አያውቀውም። እኛን ይበልጥ የሚመለከተን እሱ ነው፤ ምክንያቱም በ1923 የመጣው ወደ ኢትዮጵያ ነበር።

ሃርላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ላሊበላን አቋርጦ ያደረገውን የሲራራ ጉዞ በሰኔ 1925 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አስነብቧል። የጽሑፉ ንዑስ ርዕስ የጉዞውን ዓላማ አይሸሽግም፤ ለአሜሪካ ገበሬ አዲስ እህል ፍለጋ ነው። የሚቀበለው ገበሬ በርዕሱ ላይ ስም አገኘ፤ ዘሩን ያበጀው ገበሬ አላገኘም። ይህ የአንድ ሰው ጉድለት አይደለም፤ የዘመኑ የአሰባሰብ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ናሙናው ቁጥር ይሰጠዋል፣ የአገሩ ስም ይጻፍለታል፣ ማን መረጠው፣ በማን ጎተራ ከረመ የሚለው ግን አይጠየቅም።

የዚህ ዝምታ ክብደት የታወቀው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ የገብስ ማሳ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ፣ አገዳው እየቀጨጨ ቀረ። ኦስዋልድና ሂውስተን የተባሉ ተመራማሪዎች ምክንያቱ በክሽክሽ የሚተላለፍ ቫይረስ መሆኑን ለዩ። በዴቪስ ያሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አዳቃዮች፣ ሻለርና ባልደረቦቹ፣ ከዓለም ዙሪያ ተሰብስቦ የተቀመጠውን በሺዎች የሚቆጠር የገብስ ዘር ፈተሹ። በሽታውን ተቋቁመው የተገኙት ከሞላ ጎደል ሁሉም የኢትዮጵያ ገብሶች ነበሩ። በ1964 ዋይዲ 2 ተብሎ የተሰየመው ዘረመል ከእነርሱ የተገኘ ሲሆን፣ አትላስ 68ና ሲኤም 67 በተባሉ የካሊፎርኒያ ዝርያዎች ውስጥ ገባ። ይህ ዘረመል ለካሊፎርኒያ ገብስ በዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያድን ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። አኃዙ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲሸጋገር የኖረ ግምት ስለሆነ ስሌቱን መመርመር ተገቢ ነው። ባለውለታው ማን እንደሆነ ግን አያጠራጥርም።

የተለመደው ትረካ እዚህ ላይ «የተፈጥሮ ስጦታ» ይላል። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። የደጋ ገበሬ ገብስን እንዳገኘ አልተወውም። ለጠላ የሚሆነውን፣ ለበሶ የሚሻለውን፣ ለቆሎ የሚፈለገውን ሰነፍ ቆሎ፣ ቶሎ ደርሶ ከክረምቱ ረኀብ የሚያወጣውን እየለየ ይዞ ቆየ። ብዙውን ጊዜ ዘር ሆኖ የሚቀመጠውን መርጠው የሚያኖሩት ሴቶች ናቸው። ጥቁሩና ነጩ፣ ባለ ሁለትና ባለ ስድስት ረድፉ በአንድ ማሳ ተደባልቀው ሲዘሩ፣ አንዱ በሽታ ቢመታው ሌላው ይተርፋል። የዴቪሱ ካልቪን ኳልሴት በ1975 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ደግሞ በሽታውን የሚቋቋሙት ገብሶች በኢትዮጵያ በሁሉም ቦታ እኩል የተሠራጩ አይደሉም። ስለዚህ «ከኢትዮጵያ የመጣ» ብሎ መዝግቦ ማለፍ ለሳይንሱም አይበቃም። የትኛው ቀበሌ፣ ምን ያህል ከፍታ፣ በልግ ነው ወይስ መኸር፣ የማን እጅ? መረጃው ይህን ሁሉ ይፈልጋል።

ሃርላንን ራሱን በደፈናው መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በ1936 ከሜሪ ማርቲኒ ጋር በግብርና መሥሪያ ቤቱ የዓመት መጽሐፍ ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ አዳዲስ ዝርያዎች የኢትዮጵያንና የቲቤትን ገበሬዎች ገብስ ከተኩ ዓለም የማይመለስ ሀብት እንደሚያጣ አስጠንቅቀዋል። ስለ ዘር መጥፋት ከተሰሙት ቀደምት ማስጠንቀቂያዎች አንዱ ነው። ሁለቱ በ1938 የተደባለቁ የገብስ ዝርያዎችን የተፈጥሮ ምርጫ እንዴት እንደሚለያቸው የሚያሳይ ጥናትም አሳትመዋል። ማርቲኒ እንደዚያ ዘመን ብዙ ሴት ተመራማሪዎች በሃርላን ስም ጥላ ሥር ቀርታለች፤ ስለ እርሷም ገና ሊጻፍ ይገባል።

የሁለቱ ማስጠንቀቂያ ዛሬ በአርሲ፣ ሽርካ ወረዳ ውስጥ ባለችው ጎበሳ ዙሪያም ይሠራል። የአርሲ ደጋ የገብስና የስንዴ አገር ነው። ቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ በ1966 ተቋቋመ፤ በዓመቱ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ፤ በ1984 የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ተከተለ። የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ምርት ጨመረ፤ በጭላሎው ድርጅት የመጀመሪያ ዓመታት ግን ባለርስቶች ትራክተር ሲያስገቡ ጭሰኛው ከመሬቱ ተፈናቀለ። ብቅል ፋብሪካ ወጥ የሆነ ፍሬ ይፈልጋልና ድብልቁ የአገር ገብስ በገበያ ዋጋ አጣ። ገበሬው የሚያዋጣውን ቢመርጥ ማን ይወቅሰዋል? ጥያቄው የተተወውን ዘር ማን ይያዘው የሚለው ነው።

መልሱን አስቀድሞ የጀመረው የራሳችን ሰው ነው። ኔብራስካ የተማረው ዶክተር መላኩ ወረደ በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል መርቷል፤ ዘር በባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ታግሎ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝቷል። በ2006 የወጣው የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ ማኅበረሰቦች ከሀብቱ ጥቅም የመጋራት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብቱ እንዲጠየቅ ግን ባለመብቱ መታወቅ አለበት።

የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የአካባቢው መምህራን ይህን ሥራ ዛሬ ሊጀምሩት ይችላሉ። በጎበሳ፣ በሽርካ ቀበሌዎችና በአጎራባች ወረዳዎች የቀሩትን የገብስ ዝርያዎች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መጠሪያቸው መዝግቡ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ የጠበቋቸውን እናቶችና አባቶች ስም ከዘሩ ጋር አብራችሁ ጻፉ።