አምስት ጥያቄ ያላት ወረቀት

ለባይፖላር ሕመም ከሚታዘዘው ሁሉ እኔን የምትማርከኝ አንዲት ወረቀት ናት። ጥያቄዋ አምስት ብቻ ነው፦ ከአልጋ ስንት ሰዓት ተነሳህ? ከሰው ጋር መጀመሪያ የተገናኘኸውስ? ሥራ ወይም ትምህርት የጀመርከው? እራት የበላኸው? የተኛኸው? ታማሚው በየቀኑ ይሞላታል፤ በቀጠሮው ቀን ከአማካሪው ጋር ቁጭ ብሎ ያያታል።

ወረቀቷ በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ እነ ኤለን ፍራንክ ያዳበሩት የምክር ሕክምና መሣሪያ ናት። ሐሳቡ እንቅልፍና ውሎ ሲዛባ ሕመሙ ሊቀሰቀስ ይችላል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጥናታቸው፣ ሕመሙ በተነሳበት ወቅት ይህን ሕክምና ያገኙ ሰዎች ሳያገረሽባቸው ረዘም ያለ ጊዜ ቆይተዋል። መድኃኒቱ ግን አልቀረም፤ ምክሩ የመጣው ሊያግዘው እንጂ ሊተካው አይደለም።

ደስ የምትለኝ ስለማትወቅስ ነው። “ምን ነካህ?” አትልም፤ “ስንት ሰዓት?” ብላ ታልፋለች። ከየሰዓቱ ጎን ደግሞ ብቻህን ነበርክ ወይስ ከሰው ጋር የሚል ቦታ አለ። ስለዚህ ጠዋት “እንዴት አደርክ?” የምትል እናት ሳታውቀው የሕክምናው አካል ትሆናለች።

እኛ ዘንድ ማኅሌት መቆም፣ ለቅሶ ቤት ማደር፣ ሠርግ ማምሸት አለ። ውሎውን በጽሑፍ የሚከታተል ሰው የትኛው ሌሊት እንደሚከብደው ቀድሞ ያውቃል፤ ወዳጅ ዘመዱም “በጊዜ ግባ” ብሎ ሳይቀየም ይሸኘዋል። ለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።