ያኔ ማን ያውቃቸው ነበር?

በእውነት የነበረን ኮሜዲያን በፊልም የሚሠራ ተዋናይ እንፈልጋለን ብላችሁ ማስታወቂያ ብታወጡ፣ በማግሥቱ ደጃችሁን የሚሞሉት አስመሳዮች ናቸው። የታዋቂ ሰው ድምፅ እያወጣ የሚያስቅ ልጅ በየሠፈሩ አይጠፋም። ገና ከበር ሲገባ በዚያ ሰው ድምፅ ሰላምታ ሲሰጥ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ፕሮዲውሰሩም «በቃ አገኘነው!» ይላል። እኔ ይሄኔ ልጁን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ «እስቲ ይኸው ሰው አከራዩ የቤት ኪራይ ሲጠይቁት አሳየኝ።» አብዛኛው እዚህ ላይ ይቆማል። ድምፁ አለ፣ የአንገቱ አዘነባበል አለ፣ ሰውየው ግን የለም።

ኮሜዲያንን መሥራት ንጉሥን ከመሥራት ይከብዳል የምለው ለዚህ ነው። አፄ ቴዎድሮስን የሚጫወት ተዋናይ ድምፃቸውን የሰማ ተመልካች አይገጥመውም። የቴሌቪዥን ኮሜዲያን ግን ቅጂው አለ፤ ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠ በስልኩ ዋናውን ከፍቶ ያነጻጽራል። በድምፅና በመልክ ከቅጂ ጋር የሚወዳደር ተዋናይ መሸነፉ አይቀርም። ስለዚህ ተዋናይ የሚመርጥ ሰው ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። እኔ መለኪያዬን አጥርቼ ያየሁት በጄሰን ራይትማን «ሳተርዴይ ናይት» ነው። (ከዚህ በታች የአሜሪካኖቹ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ በ2024 የወጣ ነው። ታሪኩ ኦክቶበር 11 ቀን 1975 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሮክፌለር ፕላዛ ቁጥር 30 በሚባለው ሕንፃ፣ በኤንቢሲ ስቱዲዮ 8ኤች ይካሄዳል። ዛሬ «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» እየተባለ የሚጠራው ዝግጅት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሊተላለፍ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶታል፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል መሆኑ ነው። ስክሪፕቱ ረዝሟል፣ የመድረኩ ሥራ አላለቀም፣ የጣቢያው አለቆች ልባቸው ለሁለት ተከፍሏል። በዚህ ትርምስ ውስጥ የሚራወጡትን ልጆች ዕድሜ ተመልከቱ። ዳን አክሮይድና ላሬይን ኒውማን 23፣ ጆን ቤሉሺ 26፣ ጄን ከርቲን 28፣ ጊልዳ ራድነር 29። አዘጋጁ ሎርን ማይክልስ ገና 30 ዓመቱ ነው። ዛሬ እነዚህ ስሞች በአሜሪካ የኮሜዲ ታሪክ ውስጥ ትልልቅ ናቸው። ያን ምሽት ግን በመንገድ ቢያልፉ አብዛኛው ሰው ዞር ብሎ አያያቸውም።

መለኪያዬ ይኼ ነው፦ ሰውየው ታሪኩ በሚካሄድበት ዓመት በሰው ዘንድ ምን ያህል ይታወቅ ነበር? ፕሮግራሙ በአየር ላይ ይውል ይሆን ወይስ ይቀር ብሎ ተመልካቹ እንዲጨነቅ ከተፈለገ፣ ቤሉሺን የሚሠራው ሰው ገና ሲገባ ሲኒማ ቤቱ «እሱ ነው!» ብሎ እንዲያጨበጭብ የሚያደርግ ኮከብ መሆን የለበትም። ቤሉሺን እንዲሠራ የተመረጠው ማት ዉድ አብዛኛው ተመልካች ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ተዋናይ ነው። ማይክልስን የሚሠራው ጋብርኤል ላቤል ሲቀረጽ ከእውነተኛው ሰው የያኔ ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ያህል ያንስ ነበር። በወረቀት ላይ ስሕተት ይመስላል። በስክሪን ላይ ግን ከዕድሜው በላይ ኃላፊነት የተጫነበት ልጅ ታያላችሁ፤ የምሽቱ እውነትም ይኸው ነበር።

ብልሃቱ ጎልቶ የሚታየው በአንጋፋዎቹ ላይ ነው። በ1948 በጀመረው ዝግጅቱ «ሚስተር ቴሌቪዥን» እስከመባል የደረሰውን ሚልተን በርልን የሚሠራው ጄ.ኬ. ሲመንስ ነው። የኤንቢሲውን ባለሥልጣን ዴቪድ ቴቤትን ዊለም ዳፎ ይሠራል። ሁለቱም በሄዱበት የሚታወቁ ፊቶች ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ሥልጣንና ዝና የያዙት ሰዎች ለተመልካቹም ዝነኞች ናቸው፤ ልጆቹ ደግሞ ለተመልካቹም ልጆች ናቸው። በርል ወደ ስቱዲዮው ገብቶ ወጣቶቹን ሲያሳንሳቸው፣ ሲመንስ ራሱ በሙያ ዕድሜው ከእነርሱ በላይ መቆሙ ትዕይንቱን ሳይነገር ያግዘዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ሜካፕ አያመጣውም።

ጋሬት ሞሪስም አለ። በ1975 ዕድሜው 38 የነበረ፣ ዘፋኝና ተውኔት ጸሐፊ፣ ከቡድኑ ሁሉ የሚበልጥ ሰው ነው። እርሱን የሠራው ላሞርን ሞሪስ የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የለውም። አርባ ዓመት የሞላው፣ በቴሌቪዥን ኮሜዲ ብዙ የቆየ ተዋናይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጋሬት «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» እያለ ሲብሰለሰል፣ ጥያቄው ዕድሜና ልምድ ካለው ፊት ስለሚወጣ ይታመናል። የ25 ዓመት ልጅ ቢጠይቀው ኩርፊያ ይሆን ነበር።

መልኩን አግኝቶ የከሸፈ ምሳሌ የሚፈልግ የ1989ኙን «ዋየርድ» ይመልከት። ማይክል ቺክሊስ ያኔ የማይታወቅ ወጣት ነበር፤ ቤሉሺንም በአካልም በድምፅም ይቀርበዋል። ፊልሙ ግን ወደቀ። ቤሉሺ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ወዳጆቹ ፊልሙን አምርረው ተቃውመውታል፣ ስክሪፕቱም ሰውየውን የሚያየው እንደ ሬሳ መርማሪ ነው። ጥፋቱን በቺክሊስ ላይ አላይም። የእኔ መለኪያ ብቻውን ፊልም እንደማያድን ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በተቃራኒው መንገድ የሄደው የአሮን ሶርኪን «ቢይንግ ዘ ሪካርዶስ» ነው፤ የ2021 ፊልም። ሉሲል ቦልን ኒኮል ኪድማን ትሠራለች መባሉ ሲሰማ ብዙ ሰው ጮኸ፤ በመልክ ትመስላታለች ተብላ ዴብራ መሲንግ ነበረች የምትፈለገው። እኔ ምርጫውን እደግፋለሁ። ታሪኩ በሚካሄድበት ጊዜ ዝግጅቷ «አይ ላቭ ሉሲ» አገሩን ሁሉ የያዘ ነበር፤ ሉሲልም ስቱዲዮ ስትገባ ሁሉም የሚጠነቀቅላት ሴት ናት። ይህን ክብደት የማይታወቅ ተዋናይ ይዞት አይመጣም። ኪድማን ከጸሐፊዎቹ ጋር ተቀምጣ አንድን ቀልድ ስትፈታና መልሳ ስትገጥም፣ ሰው ከየት ገብቶ የት እንደሚቀመጥ ስታሰላ፣ ኮሜዲ ምን ያህል ደረቅ ሥራ እንደሆነ ታሳያለች። በጥቁርና ነጭ ተደግመው የተቀረጹት የዝግጅቱ ቁርጥራጮች ላይ ግን ትደክማለች። ፊቷ ላይ የተለጠፈው ሰው ሠራሽ ቆዳም የሉሲልን ዓይነት ተለዋዋጭ ፊት እንደልብ አያንቀሳቅስም። (በዚህም ፊልም ሲመንስ አለ፤ የሉሲልን ባልደረባ ዊልያም ፍሮሊን ሆኖ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ታሪክ ያለ እርሱ አይቀረጽም ማለት ነው!)

ኮሜዲያኑ አንዲ ካውፍማን ደግሞ ለብቻው ትምህርት ቤት ነው። በ«ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የመጀመሪያ ምሽት ያቀረበው ነገር ቀላል ይመስላል፤ የሸክላ ማጫወቻ አጠገብ ቆሞ የ«ማይቲ ማውስ» ካርቱን መዝሙር ያስከፍታል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ አንዷ ሐረግ ስትደርስ ብቻ በኩራት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ መልሶ ዝም። ሳቁ ያለው ዝምታው ውስጥ ነው። በ1999ኙ «ማን ኦን ዘ ሙን» ካውፍማንን የሠራው ጂም ኬሪ ነበር፤ ሁለቱም ጃንዋሪ 17 ቀን የተወለዱ ናቸው። ኬሪ በቀረጻው ጊዜ ሁሉ ከገጸ ባሕሪው አልወጣ እንዳለ በ2017 የወጣው ዘጋቢ ፊልም ያሳያል። ትልቅ ሥራ ነው፣ ጎልደን ግሎብም አግኝቶበታል፤ ነገር ግን ኬሪ ዝም ሲል እንኳ ሊፈነዳ መሆኑን እናውቃለን። በ«ሳተርዴይ ናይት» ኒኮላስ ብራውን ካውፍማንንም በአሻንጉሊት ትርኢቱ የሚታወቀውን ጂም ሄንሰንንም ይሠራል። ከእርሱ ምን እንደሚመጣ ስለማናውቅ፣ ዝም ሲል እኛም አብረን እንጨነቃለን።

ኦዲሽን ላይ የምጨነቅበት ሌላው ነገር አድማጩ ነው። የሃምሳ ዓመት ቀልድ የዛሬን ተመልካች እንደ ድሮው አያስቅም። ቀልዱ ያኔ እንዴት እንደመታ የሚነግረን በፍሬሙ ውስጥ ያለው ሰው ፊት ነው፤ ካሜራማኑ፣ ጸሐፊዋ፣ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ። ስለዚህ ተዋናዮችን ስፈትን ቀልድ የሚናገረውን ትቼ የሚሰማውን የማይበት ጊዜ ይበዛል። ሳቅን መዋሸት ለቅሶን ከመዋሸት ይከብዳል። ተናጋሪውንም ቢሆን የታወቀውን ጭውውት ድገምልኝ አልለውም። ሰው ያልሳቀበትን ቀልድ ተናግሮ፣ ሳይፈርስ ወደ ቀጣዩ እንዲያልፍ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ድምፁን ጥሎ በራሱ ድምፅ ያንኑ እንዲሠራ፣ በመጨረሻም ከዋናው ሰው አንድ ምልክት ብቻ እንዲጨምር። ለአክሮይድ የንግግሩ ፍጥነት ይበቃል። ለቤሉሺ ድንገት ከመነሣቱ በፊት ያለው እርጋታ። ለከርቲን አለመንቀሳቀሷ።

በነገራችን ላይ የዚያ ምሽት የመጀመሪያ ጭውውት ራሱ ስለ አስመሳይ ነው። ቤሉሺ እንግሊዝኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ይሆናል፤ ማይክል ኦዶናህ የተባለው ጸሐፊ አስተማሪ ሆኖ የሚለውን ሁሉ ይደግማል። አስተማሪው ልቡን ይዞ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ፣ ተማሪው ያንንም ኮርጆ ይወድቃል። ለኦዲሽን ክፍል በር ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ቢኖረኝ ይኸንን እመርጥ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው የእኛው ተራ ይመጣል ብዬ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ገብተው ያሳቁን ሰዎች ታሪክ ፊልም ሊሆን ይገባል፤ ስለ ተስፋዬ ካሳ፣ ስለ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ጥምረት የሚጽፍ ወጣት አንድ ቀን ይነሣል። ለዚያ ወጣት የምለው አለኝ። ማስታወቂያህ ላይ «እገሌን የሚመስል» ብለህ አትጻፍ። ታሪኩ በየትኛው ዓመት እንደሚካሄድና ሰውየው ያኔ ስንት ዓመቱ እንደነበረ ጻፍ። ገና ያልታወቁበትን ዘመን የምታሳይ ከሆነ ለእነርሱ ከቴአትር ክበባት አዲስ ልጆች አምጣ፤ ታዋቂዎቹን ተዋንያን የዚያን ጊዜ አንጋፋዎች አድርጋቸው። ጥንድ ሆነው የሠሩትን ደግሞ ለየብቻ አትፈትን፤ ሁለቱን ተዋንያን አንድ ክፍል አስገባና፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዴት እንደሚሰማው ተመልከት።