የሻንጋይ ዝርዝር የሒሳብ ዶክትሬት ይመርጥላችኋል?

በሒሳብ ዶክትሬት ለመማር አሰባችሁ እንበል። መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን ስልካችንን አውጥተን «የዓለም ምርጥ ዩኒቨርሲቲዎች» ብለን እንፈልጋለን። ከሚመጡልን አንዱ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው የሻንጋይ ደረጃ ነው። ታዲያ ነጥቡ ከየት ይመጣል?

ከመቶው 20 ነጥብ የሚሰጠው ኔቸር እና ሳይንስ በተባሉ መጽሔቶች ላይ ለወጡ ጽሑፎች ነው። የሒሳብ ሰዎች ግን እዚያ የሚጽፉት ከስንት አንዴ ነው። ሌላው 20 ነጥብ ሥራቸው በብዛት ለሚጠቀስላቸው ተመራማሪዎች ነው። የእነዚህን ስም የሚያወጣው ክላሪቬት ደግሞ በ2023 ሒሳብን ጭራሽ ከዝርዝሩ አወጣው። ለምን መሰላችሁ? በሒሳብ የጥቅሱ ብዛት ትንሽ ስለሆነ፣ ተጠራርቶ እርስ በርስ በመጠቃቀስ ውጤቱን ማዛባት ቀላል ነው።

ሌላ 20 ነጥብ ለኖቤልና ለፊልድስ ተሸላሚ መምህራን ነው፤ የሚቆጠረውም ሲሸለሙ ለሚሠሩበት ተቋም ነው። የጁን ሁን ታሪክ ተመልከቱ። ለዶክትሬት ካመለከተባቸው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበለው ኢሊኖይ ብቻ ነበር። እዚያም ገና ጀማሪ ተማሪ ሳለ፣ ከ1968 ጀምሮ ሳይፈታ የቆየ ስለ ግራፍ አቀባብ የሚናገር ግምት አረጋገጠ። ከዚያ ወደ ሚሺጋን ተዛውሮ በ2014 ተመረቀ። በ2022 የፊልድስ ሜዳሊያ ሲያገኝ ፕሪንስተን ነበር፤ የመምህርነት ነጥቡም የፕሪንስተን ሆነ። በር የከፈተለት ኢሊኖይ በዚህ መስፈርት የለም።

እሺ፣ ዝርዝሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ስመ ጥር ቦታ ብዙ ሴሚናርና እንግዳ ተመራማሪ አለ፤ ስሙም ሥራ ሲፈለግ ይረዳል። ግን ዶክትሬት ማለት ለዓመታት ከአንድ አማካሪ ጋር አንድ ጥያቄ ላይ መቀመጥ ነው። ይህን ደግሞ ዝርዝሩ አይለካውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሒሳብ የዘር ሐረግ ፕሮጀክት የተባለ ነፃ ድረ ገጽ አለ፤ ማን ማንን እንዳስመረቀ ያሳያል። የምታስቡትን አማካሪ ስም አስገቡና ስንት ተማሪ፣ መቼ እንዳስመረቀ እዩ። ቀጥሎ አሁን ያሉትን ተማሪዎች ጠይቁ፦ በስንት ጊዜ ትገናኛላችሁ? ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል? አማካሪያችሁ ቢለቅ በዘርፉ ሌላ ሰው አለ?

አገሩም ለውጥ ያመጣል። በአሜሪካ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ኮርስና ከባድ ፈተና አለ፤ አማካሪ የሚመረጠው በኋላ ነው። ስለዚህ በምትወዱት ዘርፍ ብዙ መምህራን ያሉበት ክፍል ይሻላል። በአውሮፓ ግን ብዙውን ጊዜ የምታመለክቱት ለተወሰነ ፕሮጀክትና አማካሪ ስለሆነ፣ ሰውየውን ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

የማመልከቻ ክፍያ በዶላር ነው፣ ያውም ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት። ለስሙ ብቻ ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ተማሪ አነጋግሩ።