ያልተባዙት ገጾች

ዲስቶፒያ የሚባለውን የሳይንስ ልቦለድ ዘርፍ በተማርኩበት የሥነ ጽሑፍ ክፍል የጆርጅ ኦርዌል “1984” በፎቶ ኮፒ ተጠርዞ ታድሎን ነበር። ጥራዙ ዊንስተን ስሚዝ ለታላቁ ወንድም በሙሉ ልቡ በሚገዛበት ገጽ ላይ ያበቃል። ስለ ኒውስፒክ፣ ማለትም አገዛዙ ስለ ፈጠረው ቋንቋ፣ የሚያትቱት የአባሪ ገጾች አልተባዙም፤ ወረቀት ለመቆጠብ ይመስለኛል። ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ጭምር። ፈተናው “ደራሲው ከተነበያቸው ነገሮች የትኞቹ ደርሰዋል?” የሚል ስለ ነበር አባሪው ለመልሱ አያስፈልግም።

እርግጥ ነው፣ ጥያቄው ያጓጓል። የደርግን ዘመን የውይይት ክበብና የቀበሌ ስብሰባ ያየ አንባቢ መጽሐፉን እንደ ራሱ ማስታወሻ ቢያነበው አይፈረድበትም። ይሁንና ልቦለድ የሚመዘነው እንደ ጠንቋይ ቃል በመያዙና በመሳቱ ብቻ ከሆነ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህር ለምን ያስፈልጋል? ጋዜጣ ማንበብ ይበቃል።

ወደ አባሪው እንመለስ። የተጻፈው በኃላፊ ጊዜ ነው። ኒውስፒክ እስከ 2050 የቀድሞውን እንግሊዝኛ ፈጽሞ እንዲተካ ታስቦ እንደ ነበር የሚነግረን ሰው፣ ይህን የሚጽፈው ሊጠፋ በተፈረደበት በዚያው በቀድሞው እንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ይህ ጸሐፊ ማን ነው? ከየት ሆኖ ይጽፋል? አገዛዙ ወድቋል ማለት ነው የሚሉ ሐያስያን አሉ፤ የተለመደ የትረካ ጊዜ ነው፣ ከዚያ በላይ አትመራመሩ የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ፊተኞቹ አደላለሁ። ኦርዌልም ቢሆን ገጾቹን እንደ ትርፍ አላያቸውም። በ1949 አንድ የአሜሪካ የመጽሐፍ ክበብ አባሪውንና በልቦለዱ ውስጥ የተካተተውን የጎልድስታይንን ድርሳን እንዲያወጣ ቢጠይቀው፣ ብዙ ገንዘብ ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ እምቢ ብሏል።

ኦርዌል በ1946 የገመገመው የየቭጌኒ ዛምያቲን “እኛ” ደግሞ ጉዳዩን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይዞታል። ተራኪው ዲ-503 መሐንዲስ ነው፤ ሲጀምር እንደ ሒሳብ ቀመር የጠራ ነው፣ ፍቅር ሲይዘው ዓረፍተ ነገሩ እየተቆረጠ በነጠብጣብ ይሞላል፣ ምናቡ በሕክምና ከወጣለት በኋላ ጽሑፉ ተመልሶ ይረጋጋል። የሚያስፈራው ያ እርጋታ ነው። በሩሲያ እስከ 1988 ያልታተመውን ይህን መጽሐፍ በሴራው ማጠቃለያ ብቻ ያስተማረ ሰው አስፈሪውን ነገር ከክፍል ውጭ ትቶታል።

ማርጋሬት አትውድ ግን ክፍሉን ራሱን ወደ ልቦለዱ አስገብታዋለች። “የገረዷ ታሪክ” (1985) በሴቲቱ ቃል አያበቃም፤ ቀጥሎ በ2195 የተካሄደ የሊቃውንት ጉባኤ አለ። ፕሮፌሰር ፒየሾቶ የገለዓድን መንግሥት ታሪክ ያስረዳሉ፤ ሴቲቱ ድምፅዋን የቀዳችባቸውን ካሴቶች በቅደም ተከተል ያስቀመጡት እርሳቸውና ባልደረባቸው ናቸው። ይቀልዳሉ፣ አዳራሹ ይስቃል። በገለዓድ ሰዎች ላይ ለመፍረድ መቸኮል እንደማይገባ ይመክራሉ። የሚቆጫቸው ሴቲቱ ስለ ደረሰባት ነገር አይደለም፤ ስለ አዛዡና ስለ አገዛዙ አሠራር በቂ መረጃ ሳትተው መሄዷ ነው። አትውድ ይህን መዝጊያ ስትጽፍ የኦርዌልን አባሪ እንዳሰበች ራሷ ተናግራለች።

እነዚህ ገጾች በእኛ ጥራዝ ውስጥ ነበሩ። መምህራችን “ይህን በቤታችሁ አንብቡት” ብለው ወደ ፈተናው ዝግጅት አለፉ። ፈተናው መቼም አይቀርም፤ እኔ ባወጣው ኖሮ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ የኦርዌልን አባሪ የጻፈው ሰው የሚኖርበትን ዘመንና አገር ገምቱ፤ ማስረጃችሁንም ከራሱ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አውጡ።