የ«ዩዘርሞድ» መመሪያ ገጽ በመምህር ዓይን ሲመዘን

በሊኑክስ የተጠቃሚን መዝገብ በትእዛዝ መስመር የሚያሻሽለው የ«ዩዘርሞድ» መመሪያ ገጽ ስሕተት የለበትም፤ ጉድለቱ አደገኛውን ነገር ከተራው ለይቶ አለማሳየቱ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ኮተቤ ባሉት የየካ ትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ክፍል የሚመራ መምህር፣ ራሱን ወደ አዲስ ቡድን ለመጨመር ትልቁን «ጂ» ያለ ትንሿ «ኤ» ቢጽፍ፣ ያልጠቀሳቸው ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ ይሰረዙበታል፤ «ሱዶ» ከነዚሁ አንዱ ከሆነ የአስተዳዳሪነት ሥልጣኑም አብሮ ይሄዳል። ገጹ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያልፈዋል።

ስም በሚለውጠው ትንሿ «ኤል» ላይም እንዲሁ ነው። ፀሐይን የመሰለ ስም በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ አጻጻፍ ስለሚመዘገብ፣ እርማቱ ለእኛ የዘወትር ሥራ ነው። ስሙ ሲታረም ግን የተጠቃሚው ማኅደር አሮጌ ስሙን ይዞ ይቀራል። ይሁንና ፋይሎቹ ባለቤታቸውን የሚያውቁት በመለያ ቁጥር እንጂ በስም ስላልሆነ ባለቤት አያጡም፤ ገጹ ይህን ቢያስረዳ ኖሮ የጀማሪው ድንጋጤ በቀረ ነበር።